ለውሻው ነው

«አንተ መዥገር! ለመሆኑ ማን ጠራህ? ተጠግተህ ገባህ፤ ሲሞቅህ ጊዜ ተለጠፍክ። በሰው ደም ወፈርክ፤ አሁን ደግሞ ውጣ ቢሉህ አልወጣም አልክ። ቆይ ብቻ! ዛሬ ከዚህ ግቢ ሳላስወጣህ ብውል እኔ ወርቅዬ አይደለሁም!»

ይህን ሁሉ ያለችው ለመዥገሩ ነው። እኔ በመስኮቴ አያት ነበር፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ እንዳሉት ቤቶች ሁሉ የአንዳችን ሳል የሌላችንን እንቅልፍ ይነሳል። በርጩማዋን ግቢው መሐል አድርጋ፣ ውሻውን በሁለት ጉልበቷ ይዛ፣ ጆሮውን ገልብጣ የጉሎ ፍሬ ያህል ያበጠ መዥገር በጥፍሯ ትጎትታለች። ደግሞ ወርቅዬ አፏ ካልተንቀሳቀሰ እጇ አይሠራላትም። ሽንኩርት ስትልጥ ሽንኩርቱን ትሰድባለች፤ ከሰሉ አልያያዝ ካላት ከሰሉን ከነዘር ማንዘሩ ትረግማለች። ባሏ በድሉ «ሬዲዮ መግዛት የተውኩት እሷ ስላለች ነው» እያለ ይቀልዳል። ስለዚህ ያን ጠዋት መዥገር ስትሰድብ ብሰማ ምንም አልመሰለኝም። ውሻው ግን ድንገት ጭራውን ወደ ግቢው በር ይወዘውዝ ጀመር። እሷ «አትወራጭብኝ!» ብላ በክርኗ ጫን አደረገችው እንጂ ዞር ብላ አላየችም። ምነው ዞር ባለች።

የሐምሌ እሑድ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ላይ ሊከበር ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ይፋቃል፣ ይቀባል። አጥሩ ኖራ ይቀባል፤ የመንገድ ዳር ድንጋይ ሳይቀር ኖራ ይቀባል። በድሉ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር አካፋ ይዞ ለጽዳት ዘመቻ የወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ቀበሌው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ ከርሟል፤ ያልታሰረ ውሻ ይወገዳል፣ ቁንጫና መዥገር የሚያራባ ግቢ በስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል፣ እሑድ ተቆጣጣሪ ቤት ለቤት ይዞራል። «ይወገዳል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠዋት በአብነት ሰፈር በኩል የሚያልፍ ሰው መንገድ ዳር አረፋ ደፍቀው የተዘረሩ ውሾች አይቶ ይመጣል። ወርቅዬ ውሻዋን ትወዳለች። ለመናገር ሰበብ ስለሆናት ብቻ አይደለም፤ ከልቧ ትወደዋለች። ያን ቀን አንዲት መዥገር ሳታስቀር ልትለቅምለት ቆርጣ ነው የተነሳችው።

መዥገሩስ ይለቀማል፤ የጨነቃት ቁንጫው ነው። አንድ ጣሳ ፍሊት ለመግዛት ፋርማሲ ብትሄድ የነገሯት ዋጋ ለበድሉ አዲስ ሸሚዝ የሚገዛ ሆነባት። የቀበሌው ዲዲቲ ደግሞ ከዘመድ ዘመድ ተዳርሶ አልቋል። ቁንጫው ከየት እንደሚመጣም ታውቃለች። ውሻው የሚያድረው ጋሽ ደጉ እግር ሥር ነው።

ጋሽ ደጉ የበድሉ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ ወንድም ከማለት አባት ማለት ይቀላል። ሰንጋ ተራ ሱቅ ነበራቸው፤ ከሱቁ ጀርባም የሚያከራዩዋቸው ክፍሎች። ክፍሎቹን የትርፍ ቤት አዋጁ ወሰዳቸው፣ ሱቁን ጊዜው ዘጋው፣ ባለቤታቸውን ሞት ወሰዳት። ከዚያ አንድ ካፖርትና አንድ የብረት አልጋ ይዘው «ለጥቂት ቀን ልረፍ» ብለው ወርቅዬ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ገቡ። ይኸው ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ወርቅዬ ጨርቅ አላደረገቻቸውም። ምሳቸውን ከበድሉ አስቀድማ ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ «ጋሼ» ከአፏ አይጠፋም። ብቻ ክፍሏ ወለሏ ጭቃ ነው፤ ቁንጫ ደግሞ ጭቃ ወለል ነፍሱ ነው። ሽማግሌው ብርድ ሲጠናባቸው ውሻውን ከደጅ ጠርተው ብርድ ልብሳቸው ላይ ያስተኙታል፤ ሲነጋ ውሻውም እሳቸውም እያከኩ ይወጣሉ። ከዚያ ቁንጫው ወደ ትልቁ ቤት ይሻገራል። ወርቅዬ ክንዷን እያከከች «ምን ብዬ ልንገራቸው? አልጋዎ ቁንጫ አፈራ ይባላል? ለጋሼ?» ትለኝ ነበር። እንዲህ እያለች ስንት ጊዜ ዋጠችው። የዋጡት ነገር ደግሞ አንድ ቀን መውጫ ይፈልጋል።

የውሻው ስም ይቅር ነው። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ደጉ ናቸው፤ እንዴት እንዳወጡለት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ዐምና ወርቅዬ ከፊት ለፊታችን ካለችው ከወለተሰንበት ጋር በስኳር ሰልፍ ተጣላች። ወለተሰንበት የሴቶች ማኅበር ሰው ናት፤ ፊት ለፊት አትሰደብም። ታዲያ ወርቅዬ በየማለዳው አጥሩ ሥር ቆማ ውሻዋን ትሰድብ ጀመር፦ «አንቺ የማትጠግቢ! የራስሽ ሳህን ሞልቶ የሰው ሳህን ትልሻለሽ!» ውሻው ወንድ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ያልገባው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ወርቅዬ ዓይኗን በጨው አጥባ «ለውሻው ነው ያልኩት! ከገዛ ውሻዬ ጋር ማውራትም በአዋጅ ተከለከለ?» አለች። ጋሽ ደጉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በሉ እንግዲህ» አሉ፤ «ነገሩም ይቅር፣ የውሻውም ስም ይቅር ይባል። ከዛሬ ወዲያ ውሻውን የጠራ ሁሉ ታረቀ ማለት ነው።» ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ፤ እስከዚያ ቡቺ ሲባል የኖረው ውሻም ይቅር ተባለ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። መዥገሩ በመከራ ተነቀለ። የሚጣልበትን ላምባ ከቀበሌ ሱቅ እንዲያመጡላት ጋሽ ደጉን በማለዳ ለምናቸው ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ገና አይመለሱም ብላለች። መዥገሩን በድንጋይ ልትደቁሰው ስትነሳ የላምባው ጠርሙስ ከግቢው በር ወዲህ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ አየችው። ሞልቷል፤ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። የሰርቪሱ በር ተዘግቷል። ወርቅዬ መዥገሩን በጣቷ እንደያዘች ቆማ ቀረች። 

ሄዳ «ጋሼ፣ ለውሻው ነው ያልኩት» እንዳትል ያንን ቃል ሽማግሌው ያውቁታል። እሳቸው ፊት ነው ለወለተሰንበት የተናገረችው፤ ሐሰት መሆኑን እያወቁ ነው የሳቁላት። ደግሞ በእኛ ዘንድ ነገር ማብራራት ማመን ነው፤ ሳይጠየቅ «እርስዎን አይደለም» ያለ ሰው «እርስዎን ነው» ብሏል። ዝም ብትል ደግሞ ዝምታዋ ይናገራል። ሆድ የባሰው ሰው፣ ያውም ቤት የነበረውና ቤት ያጣ፣ ያውም በሰው ግቢ የሚያድር፣ «ማን ጠራህ» የሚል ቃል ሰምቶ ለመዥገር ነው ብሎ ያልፋል? እኔ ብሆን አላልፍም ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ቁርስ።»

«በልቻለሁ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

የት በሉ? ከሰልፍ ነው የመጡት። ወርቅዬ ሳህኑን እንደያዘች በሩ ሥር ቆመች። ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ሲል ሰማች። ሳህኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ጥቂት ቆይተው ወጡ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ፍራሻቸውን ተሸክመው አጥሩ ላይ አሰጡት፤ ብርድ ልብሳቸውን አውጥተው በእንጨት ደበደቡት። ከዚያ ወለሉን ውሃ ረጭተው ጠረጉ፣ አመድ ነሰነሱበት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ ቁንጫ የሚሸሸግበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳይቀር እየቀደዱ አወጡት። ወርቅዬ «ልርዳዎት ጋሼ» ብትላቸው «ተይ፣ የኔ ሥራ ነው» አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ያለወትሮዋ አፏን ዘግታ የውሻውን ብብት ስትለቅም እኔው ግራ ገብቶኝ «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» አልኳት በመስኮቴ። ራሷን ነቀነቀች። ቀስ በቀስ ግን ልቧ ይረጋጋ ጀመር። ለተቆጣጣሪዎቹ ብለው ነው የሚያጸዱት ብላ አሰበች፤ የከፋው ሰው እንዲህ ይሠራል? ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ምናልባት ጠርሙሱን እዚያ ጥለው የሄዱት ሽንት ቤት አጣድፏቸው ይሆናል። ሰው ራሱን ማጽናናት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። ደግሞም እሰይ፣ አፍ አውጥታ ሳትናገር ያ የቁንጫ ነገር አለቀላት። ይህን በማሰቧ በኋላ ምን ያህል እንዳፈረች እኔ ነኝ የማውቀው።

ፍራሹ ነፈስ ሲል ጠቅልለው አስገቡት። ከዚያ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ወርቅዬ ዘንቢሉን አየችው፤ ወደ አብነት ወጣ ብለው አንድ ነገር ሊገዙ መሰላት። ውሻው አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ የአንገቱን ፀጉር በጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው አዩት።

«በኛ አገር ጥንባሆ ቀቅለን ነው የምናጥበው» አሉ። «ቀጭን አድርጎ ነው፤ ከአንገቱ ነው የሚጀመረው። ከጭራው ከጀመርሽ ቁንጫው ወደ ጆሮው ይሸሻል።»

«እሺ ጋሼ።»

«መዥገሩን ደግሞ በኃይል አትጎትቺው። ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀርና ያመረቅዛል።»

«እሺ ጋሼ።»

ከዚያ የውሻውን ራስ ዳበሱት። «በል አንተም ደህና ሁን» አሉት። «ሰው አታስቸግር።»

 ያን ጊዜ ተነስታ እግራቸው ላይ ብትወድቅ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ከአፏ የወጣው ግን «ጋሼ፣ ጃንጥላ ይያዙ፤ ይዘንባል» የሚል ነው። እኒያ ሁሉ ቃላት ያሉዋት ሴት! ሽማግሌው ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «አይ፣ ደህና ነው» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ከፊት የነበረችው ወለተሰንበት ናት። ውሻውን ጆሮውን ገልብጣ አየችው፤ ሆዱን አየችው፤ «ቆንጆ» አለች። ሽንት ቤቱን አየች፣ ቦዩን አየች። በመጨረሻ የሰርቪሷን በር ገፋ አደረገችና «ውይ! ይህንንማ ባዶ አደረጋችሁት» አለች። «ጋሽ ደጉን ሸኛችኋቸው እንዴ?»

ወርቅዬ ሮጣ ገባች። ፍራሹ በሲባጎ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ አልጋው ሽቦ ላይ ተቀምጧል። ምስማሩ ላይ ይሰቀል የነበረው የባለቤታቸው ፎቶ የለም፤ መላጫቸው የለም፤ ዳዊታቸው የለም። የክፍሉ ቁልፍ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ካልተነካው ዳቦ አጠገብ ተቀምጧል።

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ጉዴ! ሰምተውኛል!»

ወለተሰንበት ምን እንደሰሙ አልጠየቀችም፤ የወርቅዬን አፍ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአገራቸው፣ የቡታጅራው መኪና ቀትር ሳያልፍ አይነሳም» አለች። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሩጪ እንጂ!»

ከዚህ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ ራሷ ናት። የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በአብነት በኩል ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አካፋና ብሩሽ ይዞ ወጥቷል፤ አጥር የሚቀባው ይዘፍናል፣ ቦይ የሚጠርገው ያማርራል። ይቅር ተከተላት። «ሂድ! ተመለስ!» ብትለውም፣ ድንጋይ ብታነሳበትም አልመለስ አለ። እሷን አይደለም የተከተለው፤ መሬት መሬቱን እያሸተተ የሚሮጠው በሽማግሌው ዱካ ነው። «እትዬ፣ ውሻሽን ያዢ! ያልታሰረ ውሻ ይወገዳል አልተባለም?» ይላታል ኖራ የሚቀባው። ውሻውን ልትይዝ ብትቆም ጋሼ ያመልጧታል፤ ብትሮጥ ውሻው መሐል መንገድ ይቀራል። እየማለች እየተገዘተች፣ ውሻውንም በዓይኗ እየተከታተለች ሮጠች።

እየሮጠች የምትለውን ታዘጋጃለች። «ጋሼ፣ ለመዥገሩ ነው» ትላለች። ትተወዋለች። «ጋሼ፣ አፌን ያውቁታል» ትላለች። እሱንም ትተወዋለች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጥቶ መንገዱ መሐል ሊያስቆማት ምንም አልቀረው፤ በእርግጥ ሁሉም ለመዥገሩ ነበር? «ማን ጠራህ» ይባላል ለመዥገር? መዥገርን ማን ይጠራዋል? ስንት ሌሊት ቁንጫ ሲበላት አድራ፣ ለሽማግሌው ያላለችውን ሁሉ ለዚያ መዥገር አውርዳው ይሆን? «ማርያምን፣ እሳቸውን አላሰብኩም ነበር» ብላ ምላልኛለች። ከዚያ «አፌ ግን ሳያስብ አልቀረም» አለችኝ። ያን ቀን ያለቀሰችው ለዚህኛው ነው።

አውቶቡስ ተራ ስትደርስ የቡታጅራው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ የተቆለለው ዕቃ እየተወዛወዘ ከግቢው እየወጣ ነበር። ጋሽ ደጉን አየቻቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ወደ ፊት ነው የሚያዩት። ረዳቱ በሩ ላይ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሏል። የምትሮጠውን ሴት አየና «እትዬ፣ ትሳፈሪያለሽ? እናቁምልሽ?» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩም ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ልክ ያን ጊዜ ውሻው የሽማግሌው ጠረን ደርሶት ነው መሰለኝ በጎኗ ተወርውሮ ወደ አውቶቡሱ ሄደ፤ የኋላው ጎማ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም። ወርቅዬ እንደ እብድ ጮኸች።

«ይቅር! ኧረ ይቅር! ይቅር!»

«ይቅር ካልሽማ ይቅር!» አለ ረዳቱ። የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። «ሳበው!»

አውቶቡሱ ጥቁር ጭሱን ለቆባት ሄደ። ጋሽ ደጉ ጩኸቱን ሰምተው ዘወር ብለው ነበር፤ እሷንም አዩ፣ ውሻውንም አዩ። እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ወዘወዙ። ደህና ሁኚ ማለታቸው ነው? ተመለሽ፣ አትልፊ ማለታቸው ነው? ወይስ ውሻውን ከጎማው ሊያባርሩት ነው? የሰሙትስ የውሻውን ስም ነው ወይስ ልመናዋን? ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም።

«‹ጋሼ!› ብዬ ብጠራቸው ኖሮ መኪናው ይቆም ነበር» ትለኛለች እስከ አሁን። «አንዲት ቃል ናት። አፌ የለመደው ግን ውሻ መጥራት ሆነ።»

ነጠላዋን አውልቃ በውሻው አንገት አሰረችና እየጎተተች ተመለሰች። «ነጠላ ለውሻ! ጉድ እኮ ነው!» እያሉ የሳቁባት ነበሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ዘር ማንዘራቸውን ታወርድላቸው ነበር። ያን ቀን ግን እንዳልሰማች አለፈቻቸው።

በድሉ ማምሻውን ጫማው ጭቃ፣ ፀጉሩ ኖራ ሆኖ ገባ።

«ጋሼስ?»

«አገር ሄዱ።»

«ዛሬ? ሳይነግሩኝ?»

«ለመስቀል ቀደም ብለው... አገሩ ናፍቋቸው ነው መሰል።»

 በድሉ ወጥቶ ሰርቪሷ በር ላይ ቆመ፤ የእጁን ኖራ ሳይታጠብ እዚያው ለረጅም ጊዜ ቆየ። ወርቅዬ ትነግረኛለች ብሎ እየጠበቀ ይሁን፣ እንዳትነግረው ፈርቶ ይሁን፣ አላውቅም። ራት ሲበሉ ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ አልሰማሁም።  ቁንጫውም በዚያ ሰሞን ጠፋ፤ ወርቅዬ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ነሐሴ አለፈ፤ መስከረም ገባ፤ በዓሉ በሰልፍና በባንዲራ ተከበረ። ለመስቀል በድሉ እንደ ሰዉ ሁሉ አገሩ ገባ። ወርቅዬ ለጋሼ ሹራብ ገዝታ፣ ስኳር ቋጥራ ላከች፤ እሷ ግን ቀረች። «ቤቱን ማን ይጠብቃል? ውሻውን ማን ያበላል?» አለች። ውሻውን እኔም ወለተሰንበትም ልናበላው እንደምንችል ታውቃለች። ማፈሯ ነው። ወለተሰንበት እንኳ ሳትቀር «ሂጂና እግራቸውን ስመሽ ተገላገይ፤ እኔን ስንቱን ብለሽኝ ታርቀን የለም?» ብላ መክራት ነበር። «ያንቺንማ አውቄ ነው የተናገርኩት፤ አውቀው የተናገሩት ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ ሳያውቁ የተናገሩትን ምን ብለው ይጠይቃሉ?» አለቻት ወርቅዬ።

በድሉ በሳምንቱ ተመለሰ። ቅቤ ይዟል፣ ቆጮ ይዟል። ከቆጮው ጋር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ አንድ እሽግ ነበር። እኔ ለእንኳን ደህና ገባህ ገብቼ እዚያው ተቀምጫለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ጥንባሆ። ጋሼ ናቸው የላኩልሽ። ራሳቸው ናቸው ያደረቁት።»

«ምን ብለው?»

«‹ለውሻው ነው በላት› አሉኝ።»

ወርቅዬ ቃጫውን መፍታት ጀምራ ነበር፤ እጇ እዚያው ቆመ። በድሉ ምኑንም አያውቅም፤ ጫማውን ያወልቃል።

«ሌላስ? ሌላ ምንም አላሉም?»

«ምንም።» ካልሲውን አራገፈ። «ሳቁ መሰለኝ።»

«ሳቁ?»

«እንጃ፣ ሳል ይዟቸዋል። አስሏቸውም ይሆናል። አልለየሁትም።»

ወርቅዬ እኔን አየችኝ። እኔስ ምን ልበላት? ይቅር ብለውሻል ብላት ከየት አውቄ? ወግተውሻል ብላትስ በምን አንጀቴ? እንደ ድሮው እንባቸው እስኪፈስ ስቀው ከሆነ ታርቀዋል። ካልሳቁ ደግሞ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቡና ሳልጠብቅ ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቴ አየኋት። ጥንባሆውን ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በውሃ አቅጥና፣ ውሻውን በሁለት ጉልበቷ መሐል ይዛዋለች። ከአንገቱ ጀመረች። ጆሮውን ገለበጠች፤ ብብቱን አሸች፤ በሐምሌ የነቀለችው መዥገር ጭንቅላቱን ጥሎበት አመርቅዞ የነበረውን ቦታ በጣቷ ዳበሰች፤ ፀጉር አብቅሎበታል። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስድቧን የለመደው ውሻ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። ስትለቀው ውሃውን አራግፎባት ተነሳና በተከፈተው የግቢ በር ወደ መንገድ ሮጠ። ወርቅዬ ብድግ አለች። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በእግሯ ተከተለችው።